ጥይት የያዘ የሽጉጥ ካዝና ለረጅም ጊዜ እንዴት ይቀመጣል?

ኮሎራዶ፣ አውሮራ ውስጥ አብሮኝ ጥበቃ የሚሠራ አንድ ወንድማችን ነበር። ሁልጊዜ እሁድ ማታ ሦስቱንም ካዝናዎቹን (ጥይት ይዘው በስፕሪንግ ወደ ላይ የሚገፉትን የሽጉጡ መያዣዎች) ያራግፋል። ጥይቶቹን ፎጣ ላይ ይደረድራል። «ስፕሪንጉ ትንሽ ይረፍ» ይላል። ሰኞ ጠዋት መልሶ ይሞላል፣ ያቀባብላል፣ ወደ ሥራ ይሄዳል። አንድ እሁድ ቤቱ ሄጄ ፎጣው ላይ የተደረደሩትን ሳይ አንዷ ጥይት ከሌሎቹ አጠረችብኝ። አረሯ (ተወርውሮ የሚወጣው ጫፏ) ወደ ቀለሁ (ባሩዱን ወደያዘው ቀፎ) ውስጥ ገብቷል። ለካ በየሳምንቱ ከላይ እየተቀመጠች የምትጎርሰው (ከካዝናው ወጥታ ሽጉጡ መተኮሻ ውስጥ የምትገባው) እሷው ናት።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሽጉጥ ሲቀባበል የጥይቷ አፍንጫ ብረት እየገጨ ነው የሚገባው። አንዷ ጥይት ደጋግማ ስትጎርስ አረሩ ትንሽ በትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል። ያኔ ባሩዱ ያለበት ቦታ ይጠብባል። ስትተኮስ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወጣል፤ ሽጉጡንም እጅንም ሊጎዳ ይችላል። ስፕሪንግ አሳርፋለሁ ብሎ ጥይቱን አደገኛ አደረገው።

ስፕሪንጉስ ማረፍ ያስፈልገው ነበር? አያስፈልገውም። የጭነት መኪና ባሌስትራን አስቡ። የሚችለውን ያህል ጭኖ የቆመ መኪና ባሌስትራው አይሰበርም። የሚጨርሰው ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ወጣ ገባ ማለቱና ከአቅም በላይ መጫኑ ነው። የካዝና ስፕሪንግም (ጋራዥ ውስጥ ሞላ የምንለው ማለት ነው) እንደዚያው ነው። በደንብ የተሠራ ከሆነ ተጨምቆ መቆየቱ ብዙ አያደክመውም። የሚያደክመው መጨመቅና መለቀቁ ሲደጋገም ነው። አዲስ ስፕሪንግ መጀመሪያ ሲሞላ ትንሽ ያጥራል፤ ከዚያ ባለበት ይረጋል። ስለዚህ የእናንተው ካልተነካ አዲስ ጋር ሲተያይ አጥሮ ብታገኙት አትደንግጡ።

ልዩነት የሚያመጣው የካዝናው አሠራር ነው። 1911 የሚባለው ሽጉጥ ካዝና መጀመሪያ የተሠራው ለ7 ጥይት ነው። በዚያው ቁመት 8 የሚያስገቡ ካዝናዎች ስፕሪንጋቸው ቦታ ስለሚጠበው የበለጠ ይጨነቃል። ግሎክ 19 የሚባለው ሽጉጥ መደበኛ ካዝና 15 ይይዛል። ኮሎራዶ ከሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ15 በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥና መግዛት ስለከለከለች እዚህ የምናውቀው እሱን ነው። አገር ቤት ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ ደግሞ 8 ጥይት በአንድ ረድፍ ይይዛል። የአያያዙ ነገር ለሁሉም አንድ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ።

መጀመሪያ ካዝናውን ከሽጉጡ አውጡ። ከዚያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ አቀባብሉና የጎረሰች ጥይት እንደሌለች በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉን አደራ! ካዝናው ሳይወጣ ካቀባበላችሁ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትጎርሳለች። ካዝና ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በዚህ ስህተት ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል።

ቀጥሎ ካዝናዎቹን ለዩ። ታቻቸው ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ጻፉ። የልምምድና የሚቀመጥ ካዝና አትቀላቅሉ። የልምምዱ መሬት ላይ ይወድቃል፣ አቧራ ይበላል፣ በየጊዜው ይሞላል፣ ይራገፋል። የሚቀመጠውንም ቢሆን ተኩሳችሁ ሳትሞክሩት አታስቀምጡ።

ከዚያ ፈታችሁ አጽዱት። የታችኛውን ክዳን ስታንሸራትቱ አውራ ጣታችሁ ስፕሪንጉን ይዞ ይቆይ፤ መነጽርም አድርጉ፤ ተፈናጥሮ ዓይን ሊመታ ይችላል። ስፕሪንጉን ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ተገልብጦ ከተመለሰ ጥይቱን በትክክል አይገፋም። የካዝናውን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ስፕሪንጉን ዘይት በነካ ጨርቅ አብሱና መልሳችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ዘይት አታፍስሱበት። ውስጥ የቀረ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ ወደ ጥይቱ ማቀጣጠያ ከገባ ደግሞ በተፈለገበት ቀን ሊከሽፍ ይችላል።

አሁን ሙሉ። እያንዳንዷን ጥይት ተመልከቱ። የተጨረመተ ቀለህ፣ አረንጓዴ ዝገት፣ የገባ አረር ካያችሁ ለዩት። ለ9 ሚሊሜትር ጥይት ትልቁ የተፈቀደ ርዝመት 29.69 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካዎች ግን ከዚያ ትንሽ ያሳጥራሉ። ስለዚህ የጠረጠራችኋትን ከዚያው ካርቶን ከወጣች አዲስ ጥይት ጎን አቁሙና አስተያዩ። ካጠረች አትተኩሷት፣ ተኩስ ልምምድ ቦታ ላሉ ባለሙያዎች ስጧት።

ሞልታችሁ ስትጨርሱ የላይኛዋን ጥይት በአውራ ጣት ጫኑ። ትንሽ ዝቅ ማለት አለባት። ድርቅ ካለች አንድ አውጡ። እኔ ባለ 15ቱን በ14 ነው የማስቀምጠው። ይህን የማደርገው ሽጉጡ ተዘግቶ እያለ ካዝናው ያለ ትግል እንዲገባ ነው እንጂ ለስፕሪንጉ ብዬ አይደለም።

ማስቀመጫው ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይሁን። የመኪና ኪስ አይሆንም። ሙቀቱ ለብረት ስፕሪንግ ምንም ባይሆን ጥይቱን ያበላሻል፤ ጥይቱን ከላይ አቅፎ የሚይዘውን ጠርዝ ከፕላስቲክ ብቻ የሠሩ ካዝናዎችንም አይስማማቸውም። ግሎክ ውስጡ ብረት ስላለው ይሻላል። ቆዳ ኪስ ውስጥም ለወራት አታቆዩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ቀለሁን ያዝገዋል። የሚቆለፍ ብረት ሳጥን ውስጥ አድርጉት፤ ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢትም ጣል አድርጉበት። ልጆች ካሉ ቁልፉ ከእናንተ ጋር ይዋል። የቁም ሣጥን አናት መደበቂያ አይደለም፣ ልጅ ወንበር ስቦ ይደርስበታል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓ.ም.) መሠረት ፈቃድ ግዴታ መሆኑን አትርሱ።

በየስድስት ወሩ አውጥታችሁ እዩት። ዝገት? ስንጥቅ? የላይኛው ጠርዝ ተከፍቷል? በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ያንኑ የተቀመጠውን ካዝና ልምምድ ቦታ ወስዳችሁ ተኩሱትና አዲስ ጥይት ሙሉበት። ስፕሪንጉ ደህና እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። የደከመ ስፕሪንግ ምልክቱ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። የመጨረሻዎቹ ጥይቶች አፍንጫቸውን ደፍተው ይነክሳሉ (ሳይገቡ ተሰንቅረው ይቀራሉ)፤ ወይም ጥይት አልቆም ሽጉጡ ተከፍቶ አይቆምም። ሲነክስ የካዝናውን ቁጥር ጻፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ያው ቁጥር ከመጣ ጥፋቱ ከሽጉጡ ሳይሆን ከዚያ ካዝና ነው።

ለዚያው ሞዴል የተሠራ አዲስ ስፕሪንግ ግዙ። አሮጌውን ጎትታችሁ ለማስረዘም አትሞክሩ፤ ብረቱን ይባስ ታዳክሙታላችሁ። ፎቶውን እያያችሁ አዲሱን ግጠሙ፣ የቀየራችሁበትን ቀን ታች ከቁጥሩ ጎን ጻፉና 50 ያህል ጥይት ተኩሳችሁበት ወደ ሳጥኑ መልሱት።