የእንግሊዝ ባለመሬት ታሪክ ከሱሉልታ ሆኖ እንዴት ይጻፋል?

ሱሉልታ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የታሪክ ክበባችን ልጆች የውጭ አገር ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ሲባሉ ናፖሊዮንና ቸርችል ላይ ይረባረባሉ። እኔ ግን ፊሊፕ ፒውዚን ውሰዱ እላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1799 እስከ 1855 የኖረ፣ በእንግሊዝ በርክሻየር ሰፊ ርስት የነበረው፣ ከ1835 እስከ 1852 ድረስም የዚያው አውራጃ የፓርላማ ተወካይ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። ስሙ እዚህ አይታወቅም። ጉዳዩ ግን የመሬት ጉዳይ ስለሆነ ለእኛ ልጆች ቅርብ ነው።

ከሁሉ በፊት ዘመኑን ከራሳችን ዘመን ጋር አያይዙት። ፒውዚ የሞተው አፄ ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም ላይ በነገሡ በአምስተኛው ወር፣ ሐምሌ 1847 ዓ.ም. ነው። ይህን ያነበበ ተማሪ ሰውየውን ወዲያው ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ስፋትንም እንዲሁ አድርጉ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ስለሆነ 100 ኤከር ወደ አንድ ጋሻ ይጠጋል። 1,000 ኤከር ብላችሁ ብቻ ከምታልፉት አሥር ጋሻ በሉ፤ ቤት ያሉ አያቶችም ይረዱታል።

ልደቱንና ትምህርቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። ኢተን ትምህርት ቤትና ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፤ ታናሽ ወንድሙ ኤድዋርድ የታወቀ የሃይማኖት ሊቅ ነበር፤ ይበቃል። የቤተሰቡን ቀንድ ግን እንዳትዘሉት። በወርቅ የተቀባ ብር የታሰረበት የበሬ ቀንድ ነው፤ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ርስቱን በ11ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ የነበረው ክኑት ከዚህ ቀንድ ጋር ሰጠ ይባላል። ብሩ ግን የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መመሪያ አጭር ነው፦ አፈ ታሪኩን "ይባላል" ብላችሁ ጻፉት፣ ብሩን "ነው" ብላችሁ ጻፉት። ባለርስት ሁሉ ርስቱ ከየት እንደመጣ የሚያወራው ታሪክ አለው፤ ጸሐፊው ያንን ታሪክ ሳይንቅም ሳይቀበልም መመዝገብ አለበት።

ከዚያ ወደ ማሳው ውረዱ። ፒውዚ እ.ኤ.አ. በ1838 ከተመሠረተውና በ1840 የንጉሣዊ ቻርተር (ከዘውዱ የሚሰጥ የእውቅና ሰነድ) ካገኘው የእንግሊዝ የግብርና ማኅበር መሥራቾች አንዱ ነበር፤ የማኅበሩን መጽሔትም ለዓመታት አዘጋጅቷል። ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ ውሃ የሚቋጥር መሬት ነበር። ይህን ለማስረዳት ከክፍል መውጣት ይሻላል። የሱሉልታን ሜዳ በነሐሴ ያየ ሰው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይሰምጣል፤ ጥቅምት ላይ እዚያው ድርቆሽ ይታጨዳል። ተማሪዎቼን ወስጄ ገበሬው በጥቁር አፈሩ ላይ ያወጣውን ፈሰስ አሳያቸዋለሁ፤ ውሃው ከእርሻው ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በእግራቸው ይከተሉታል። እንግሊዞች ያንኑ ሥራ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ቱቦ ሠሩት። በ1840ዎቹ ቱቦውን በማሽን ማምረት ስለተቻለ ዋጋው ረከሰ፤ ከ1846 ጀምሮም መንግሥት ለዚሁ ሥራ ለባለመሬቶች ገንዘብ አበደረ።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ቱቦውን የቀበረው ተከራዩ ገበሬ ቢሆንና በማግስቱ ልቀቅ ቢባልስ? ያፈሰሰው ገንዘብ መሬቱ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ፒውዚ፣ ራሱ ባለመሬት ሆኖ፣ ለቃቂው ተከራይ ላሻሻለው መሬት ካሳ ያግኝ ብሎ በፓርላማ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1848 ይህንኑ ጉዳይ የመረመረውን ኮሚቴ መርቷል። በሕይወቱ ሳለ ግን አልተሳካለትም። የካሳ ሕግ የወጣው በ1875 ነው፤ እሱንም ባለመሬቶች በውል ሊሸሹት ይችሉ ነበር። ግዴታ የሆነው በ1883 ነው።

ይህን ክፍል ከመጻፋችሁ በፊት ሽማግሌ አነጋግሩ። የክበባችን ልጆች በጃንሆይ ዘመን ሲሶ አራሽ የነበሩ አባት ቤት ሄደው ነበር። እኚህ አባት ባሕር ዛፍ መትከል ይፈሩ እንደነበር ነገሯቸው፤ ዛፉ ሲያድግ ባለመሬቱ መሬቱን ይፈልገዋል። በእኛም አገር የባለመሬትንና የጪሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል፤ ከዚያ የየካቲት 1967ቱ አዋጅ መጣ። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ አንድ ናቸው ግን አትበሉ። የእኛ ጪሰኛ ከምርቱ ያካፍል ነበር። የእንግሊዙ ተከራይ በገንዘብ ይከፍላል፣ ከሥሩም በደመወዝ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች አሉት። የፒውዚ ካሳ የሚደርሰው ለተከራዩ እንጂ ለሠራተኛው አልነበረም። ይህ ልዩነት የሌለበትን ጽሑፍ ለእርማት እመልሳለሁ።

ሰውየውን ቅዱስም ጨካኝም አታድርጉት። ደግ ባለርስት ነበር ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ መራጮቹ ድምፃቸውን በአደባባይ ይሰጡ እንደነበር፣ የምስጢር ድምፅ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1872 መሆኑንም ጨምሩ። ተከራይ ባለመሬቱ እየሰማ እንዴት እንደሚመርጥ አንባቢው ራሱ ያስበው።

ጽሑፉን በሞቱ አትዝጉት፤ እስከ 1883 ውሰዱት። ሲያልቅም ረቂቁን መጀመሪያ ላነጋገራችኋቸው ሽማግሌ አንብቡላቸው። ያልገባቸው ቦታ ካለ እሱን እንደገና ጻፉ።