ለፉድ ባንክ ምግብ ስታሰባስቡ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ሚዛኑ

ምግብ የማሰባሰብ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ባዶ ካርቶን አዳራሹ በር ላይ ይቀመጣል፣ «ለተቸገሩ ወገኖች ምግብ እናምጣ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ከወር በኋላ ሲከፈት ቀኑ ካለፈ ሁለት ዓመት የሆነው ሾርባ፣ ግማሹ የተበላ ፓስታ፣ ማንም ያልፈለገው የታሸገ ዱባ ይወጣል። ሰዉ ንፉግ ሆኖ አይደለም። ምን እንደሚፈለግ ስላልተነገረው የኩሽናውን መደርደሪያ አጽድቶ መጣ።

እዚህ የተጻፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂንያ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ እድሮችና ማኅበራት ታስቦ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የድርጅቶቹን ስም ብቻ ቀይሩ፤ ሥራው ያው ነው።

መጀመሪያ ደውሉ

ፉድ ባንክና ፓንትሪ የተለያዩ ናቸው። ፉድ ባንክ መጋዘን ነው፤ ምግብ በከባድ መኪና ይረከባል፣ በፓሌት ያከፋፍላል። ፓንትሪ ደግሞ ምግቡን ለየቤተሰቡ በእጅ የሚሰጥ የሰፈር ቦታ ነው። በዚህ አካባቢ ትልቁ መጋዘን ከ1980 ጀምሮ የሚሠራው ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይ ማና ፉድ ሴንተር፣ አርሊንግተን ላይ አርሊንግተን ፉድ አሲስታንስ ሴንተር አሉ፤ በየሰፈሩም በአብያተ ክርስቲያናት ምድር ቤት የሚሠሩ ትናንሽ ፓንትሪዎች ሞልተዋል። የምትሰበስቡት ጥቂት መቶ ፓውንድ ከሆነ ምግቡን ለቅርባችሁ ፓንትሪ ስጡ። ገንዘቡን ለመጋዘኑ ብትልኩ ይሻላል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ስትደውሉ ስድስት ነገር ጠይቁ፦ አሁን ምን አጥሯችኋል? ምን አትቀበሉም? የታተመበት ቀን ያለፈ ጣሳ ትወስዳላችሁ ወይስ አትወስዱም? በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ትረከባላችሁ? ተለይቶ ይምጣ ወይስ እናንተ ትለያላችሁ? ካርቶን ታውሳላችሁ? የመለሰላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ቅዳሜ ከሰዓት ካርቶን ጭናችሁ ደርሳችሁ በሩ ተዘግቶ እንዳታገኙት ሰዓቱን ከመጫናችሁ አንድ ቀን በፊት እንደገና አረጋግጡ።

ዝርዝሩን አሳጥሩ

«ማንኛውም የማይበላሽ ምግብ» ብላችሁ አታውጁ። ከስምንት የማይበልጥ የምግብ ዕቃ በስምና በመጠን ጥቀሱ። ፓንትሪው የነገራችሁ ይቀድማል፤ ብዙ ቦታ የማይመለሱት ግን እነዚህ ናቸው፦ ሩዝና ምስር በ1 ወይም በ2 ፓውንድ ከረጢት፣ የታሸገ ቲማቲም፣ ጨው የቀነሰ የባቄላ ጣሳ፣ ቱና፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ አጃ፣ የምግብ ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ። በብርጭቆ የታሸገ ነገር ይሰበራል፤ አንዱ ጠርሙስ ሲሰበር ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጣላል። የ20 ፓውንድ ሩዝም ደግነት ይመስላል እንጂ አስቸጋሪ ነው። ፓንትሪው ከፍቶ ለማከፋፈል ለዚያ የተፈቀደ ክፍል ያስፈልገዋል፤ ከሌለው ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ይደርሳል።

ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዳይፐርና የሶፍት ወረቀትም ጨምሩ። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) እነዚህን አይገዛም፤ ስለዚህ ምግብ ያለው ቤት እንኳ ይቸገርባቸዋል። ከምግቡ ለይታችሁ በሌላ ካርቶን አድርጓቸው፤ ሩዝ የሳሙና ሽታ ይስባል።

ሁሉም ሩዝ እንዳያመጣ ሥራውን አከፋፍሉት። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ለእያንዳንዱ የጽዋ ማኅበር አንድ ዕቃ ስጡ፤ አንዱ ዘይት፣ አንዱ ምስር፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ የሕፃናት ዕቃ። መስጊድ ወይም እድር ከሆነ በሰፈር መክፈል ይቀላል። ማኅበራት ሲፎካከሩ ካርቶኑ ቶሎ ይሞላል፤ ይህ ፉክክር ማንንም አይጎዳም።

ጣሳውን አዙራችሁ አንብቡ

የባቄላ ጣሳ ስትገዙ ከፊት ያለው ሥዕል ይሸውዳል። ቀይ መረቅ ውስጥ የተዘፈዘፈ ነጭ ባቄላ ይታያል፤ ከኋላ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ስታነቡ የአሳማ ሥጋ አለበት። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አያነሳውም። ጾመኛ ቤተሰብ የሚመጣበት ፓንትሪ ከሆነ በሑዳዴ ቱናውን ቀንሳችሁ ምስርና ሽንብራ አብዙ፤ በዚያ ሰሞን የሚሄደው እሱ ነው።

ቀን ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ይነሳል። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ቀን የግድ እንዲታተምበት የታዘዘው የሕፃናት ፎርሙላ (በጡት ወተት ፈንታ የሚሰጠው) ላይ ብቻ ነው፤ ቀኑ ያለፈ ፎርሙላ ምንም ቢሆን አይሰጥም። በሌላው ምግብ ላይ ያለው ቀን ባብዛኛው ስለ ጥራት የሚናገር የአምራቹ ግምት ነው። እንደ ቲማቲምና አናናስ ያለ ኮምጣጣ ጣሳ በደህና ቦታ ከተቀመጠ ከ12 እስከ 18 ወር፣ እንደ ባቄላና ሥጋ ያለው ከ2 እስከ 5 ዓመት ጥራቱን ይዞ ይቆያል። ይህን ብታውቁም የፓንትሪው ደንብ ይበልጣል፤ «ቀን ያለፈ አንወስድም» ካሉ አትከራከሩ፣ ቤት ብሉት።

ከቀኑ ይልቅ ጣሳው ራሱ ይታይ። ያበጠ፣ የሚያንጠባጥብ፣ ዝገቱ ሲጠረግ የማይለቅ ወይም መገጣጠሚያው ላይ የተጨረመተ ጣሳ ቀጥታ ወደ ቆሻሻ ይሂድ፤ በእንዲህ ያለ ጣሳ ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ጎኑ ላይ ትንሽ የተጎደጎደ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ እንጀራ

እናቶች ቤት ያስፈጩትን ሽሮና በርበሬ በፕላስቲክ ቋጥረው ያመጣሉ። አታሳፍሯቸው፤ ግን ፓንትሪው አይቀበለውም። በአሜሪካ የታሸገ ምግብ ላይ ዘጠኝ አለርጂ አምጪ ነገሮች ካሉበት መጻፍ አለባቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ የባሕር ፍጥረታት፣ የዛፍ ለውዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ከጥር 2023 ወዲህ ሰሊጥ። ያ ሽሮ ምን ከተፈጨበት ወፍጮ እንደ ወጣ ፓንትሪው ማወቂያ የለውም። ፋብሪካ ያሸገው፣ የእንግሊዝኛ መግለጫ ያለው ሽሮና በርበሬ ግን ከሐበሻ ሱቅ ይገኛል፤ ደውላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡት። ለሐበሻ ቤተሰብ ከአሥር የባቄላ ጣሳ ይበልጣል።

እንጀራ ካርቶን ውስጥ አይገባም። በክፍል ሙቀት ጥቂት ቀን ሳይቆይ ይሻግታል። ፈቃድ ያለው እንጀራ ጋጋሪ ጋር ተነጋግራችሁ ፓንትሪው በሚያድልበት ቀን ጠዋት ትኩሱን በቀጥታ እንዲያደርስ አድርጉ። ባለቤቱ «አንድ ሰው ቢታመም ይከሰኛል» ብሎ ከፈራ፣ በ1996 የወጣው የቢል ኤመርሰን ሕግ ለበጎ አድራጎት ድርጅት በቅን ልቦና ምግብ የሰጠን ሰው ከተጠያቂነት እንደሚጠብቀው ንገሩት። ከባድ ቸልተኝነትና ሆን ብሎ የተደረገ ጥፋት ግን አይሸፈንም።

ሁለት እሑድ ይበቃል

ስድስት ሳምንት የቆመ ካርቶን የአዳራሹ ዕቃ ይሆናል፤ ማንም አያየውም። በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዝርዝሩ የተለጠፈበት ባዶ የወረቀት ከረጢት ለየቤተሰቡ በእጅ ስጡ። በሁለተኛው እሑድ ሞልተው ይመልሱ። ቤት የገባ ባዶ ከረጢት ከማስታወቂያ ይልቅ ያስታውሳል። ሐሙስ ማታ በቴሌግራም አንድ መልእክት ይበቃል፦ «እሑድ የምግብ ከረጢት የምንመልስበት ቀን ነው። የእናንተ ማኅበር ድርሻ ዘይት ነው፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ። መግዛት ያልተመቸው በገንዘብ ይሳተፍ።»

ገበያ መሄድ ለማይመቸው ከሐበሻ ሱቅ ጋር ተስማሙ፤ ባለቤቱ ከዝርዝሩ የተዘጋጀ የ15 ዶላር ከረጢት ካሸሩ አጠገብ ደርድሮ ይሽጥ፣ የተገዛውን እዚያው ያስቀምጥላችሁ።

ካርቶን ስትመርጡ ትንሹን ምረጡ። ትልቅ በርሜል ያምራል፤ ጣሳ ሲሞላ ግን ከቦታው የሚያነቃንቀው አይገኝም። የቆሻሻ ፌስታል ደግሞ ደረጃ ላይ ይቀደዳል። የሚሻለው የፎቶኮፒ ወረቀት የሚመጣበት ባለ ክዳን ካርቶን ነው፤ 15 አውንስ ጣሳ ወደ 30 ያህል ይይዛል፣ ሲሞላ ከ30 ፓውንድ ጥቂት ይበልጣል፣ አንድ ሰው ወገቡን ሳይጎዳ ያነሳዋል። ጣሳ ከታች፣ ከረጢት ከላይ፣ ዘይት ቀጥ ብሎ ይቁም። በየካርቶኑ ጎን የዕቃውን ስም በወፍራም እስክሪብቶ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ሌሊት አዳራሽ ውስጥ መሬት ላይ አትተዉት፣ አይጥ ይደርስበታል። በበጋም የመኪና ሻንጣ ውስጥ አታሳድሩት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 150 ቤተሰብ 5 ፓውንድ ቢያመጣ 750 ፓውንድ ይሆናል፤ ያ 25 ካርቶን ነው። አንድ ሴዳን ከነሹፌሩ 8 ወይም 9 ካርቶን ቢጭን ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሦስት መኪና ወይም አንድ ሚኒቫንና አንድ ሴዳን አዘጋጁ። ፉድ ባንኮች 1.2 ፓውንድ ምግብን እንደ አንድ ሰው ማዕድ ስለሚቆጥሩ 750 ፓውንድ 625 ማዕድ ነው። ሚዛን ከሌላችሁ የቤቱ ሚዛን ላይ ካርቶኑን ይዛችሁ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ።

ገንዘቡ

ብዙ ሰው ይህን መስማት አይወድም፤ 10 ዶላር ለመጋዘኑ መስጠት የ10 ዶላር ጣሳ ከመግዛት ይበልጣል። እናንተ የምትገዙት በችርቻሮ ነው፤ እነሱ በከባድ መኪና ልክ በጅምላ ይገዛሉ፣ ሌላውን በነፃ ያገኙታል። ካርቶን ውስጥ የማይገባውን ጎመን፣ ካሮትና እንቁላልም የሚገዙት በገንዘብ ነው። የካርቶኑ ጥቅም ሕዝቡን ማንቃት፣ ልጆች በእጃቸው እንዲሰጡ ማድረግ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዱ።

ገንዘብ በማንም ግለሰብ ዜል (የስልክ ገንዘብ መላኪያ) አይግባ። ቼክ በድርጅቱ ስም ይጻፍ፣ በስልክ የሚከፍሉም በራሱ በድርጅቱ ድረ ገጽ ይክፈሉ። ጥሬ ገንዘብ ከመጣ ሁለት ሰው ይቁጠረው፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሰበካ ጉባኤው በቼክ ይላከው፣ ደረሰኙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሐሜት የሚነሳው ከዚህ ቦታ ነው። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከታክሱ ለማስቀነስ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሠራተኛው በሰጠው ልክ ጨምሮ የሚሰጥ ቀጣሪ ያለው ካለ ቅጹን እንዲሞላ አስታውሱ፤ ሰው የሚረሳው ገንዘብ ነው።

መቼ?

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ይሰጣል፤ ፓንትሪው ማስቀመጫ ያጣል። ባዶ የሚሆነው የትምህርት ቤት ምሳ በሚቋረጥበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለእኛ የተመቸው እንቁጣጣሽ ነው። በአሜሪካ መስከረም የረሃብ መከላከያ ወር ተብሎ ስለሚታሰብ ፓንትሪዎች በዚያ ወር ማስታወቂያና ካርቶን ለመስጠት ዝግጁ ናቸው። በዓመቱ መካከል ደግሞ የፖስታ አመላላሾች ማኅበር ከ1993 ጀምሮ በግንቦት (በፈረንጆቹ ሜይ) ሁለተኛው ቅዳሜ የሚያደርገው ማሰባሰብ አለ፤ ከረጢቱን ፖስታ ሳጥኑ ሥር ማስቀመጥ ብቻ ነው፣ ፖስተኛው ይወስደዋል።

ስታስረክቡ በፓውንድ የተጻፈ ደረሰኝ ተቀበሉ። ፎቶ ካነሳችሁ ካርቶኑን አንሱ፤ ተሰልፈው የሚጠብቁትን ሰዎች አታንሱ፣ ከመካከላቸው እሑድ አጠገባችሁ የሚቆም ሊኖር ይችላል። ዘግይተው ለሚመጡ ከረጢቶች ሁለተኛ የማድረሻ ቀን አስቀድማችሁ ያዙ፤ መምጣታቸው አይቀርም። ከዚያ ወጥታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ፓንትሪውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ የምዝገባ ቅጹን የሚያነብላቸው ወይም የጣሳውን ጽሑፍ የሚተረጉምላቸው አማርኛ ተናጋሪ አላቸው? ከሌላቸው በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ወጣት መድቡላቸው።