የአሮጌ መኪናን የሞተር ዘይት መፍሰስ በቤት መጠገን

ዕድሜው የገፋ መኪና ካደረበት ቦታ ሲነሣ መሬቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ ከሄደ፣ ባለቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ዘይቱ የወደቀበትና የወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ከሞተሩ አናት የሾለከ ዘይት የብረቱን ጎን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ሞተሩና ካምቢዮው በሚገናኙበት የታችኛው ጠርዝ ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። በዚህ የተነሣ ጥፋቱ ከላይ ካለው የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ሆኖ ሳለ፣ የኋላው ኦይል ሲል (በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ የሚገጠም ማሸጊያ ጎማ) ሄዷል ተብሎ ካምቢዮ ለማስወረድ ገንዘብ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን ሥራ በቤቱ ለመሥራት ያሰበ ሰው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ለፍለጋው በቂ ጊዜ እንዲሰጥ አጥብቄ የምመክረው ለዚህ ነው።

ዘይት የሚፈሰው በአብዛኛው ሁለት ብረቶች በሚገጥሙበት ወይም የሚሽከረከር ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ያለው ጎማ ለዓመታት በሙቀት ሲበስል ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ በጥፍር ሲጫኑት መርገብ ያቆማል። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በከሚሴ መንገዶች ላይ ዛሬም የሚያገለግሉት የቀድሞዎቹ ኮሮላዎችና ሃይሉክሶች ብዙ ዓመት ያስቆጠሩ ናቸውና፣ የሞተራቸው ማሸጊያ ጎማ ከነጭራሹ ካልተቀየረ መፍሰሱ የሚጠበቅ ነው።

ፍለጋው የሚጀመረው በደልዳላ ቦታ ነው። ደሴን በመሰለ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ መኪናው ዘምበል ብሎ ካደረ፣ ዘይቱ ወደ ዝቅተኛው ጎን ስለሚሄድ ነጠብጣቡ ያሳስታል። ደልዳላ ቦታ ካገኙ በኋላ ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩ፤ የፊት ጎማዎቹ የቆሙበትንም በካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ጠዋት ላይ የነጠብጣቡን ቀለምና ሽታ ይመርምሩ። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ብዙውን ጊዜ ቀላ ያለ ነው፤ የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ወፈር ብሎ የድኝ ሽታ አለው፤ የራዲያተር ውኃ ደግሞ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ይሰጣል። የነጠበው የሞተር ዘይት መሆኑ ሳይረጋገጥ ወደ ሞተሩ መሄድ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ መታጠብ አለበት። ለዓመታት አቧራና ዘይት የተጋገረበት ሞተር ላይ አዲሱን ፍሳሽ ከአሮጌው መለየት አይቻልም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪውን የኔጌቲቭ ገመድ ያላቅቁ፤ ዲናሞውን፣ ዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ) እና የአየር መግቢያውን በፌስታል ይሸፍኑ፤ ከዚያም ብሩሽ በናፍጣ ወይም በላምባ እየነከሩ የተጋገረውን ያላቅቁ። ቤንዚን ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ትነቱ ከአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላልና። በመጨረሻ የዱቄት ሳሙና በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውኃ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ለተወሰኑ ሰዓታት ያናፍሱት። ከሥር የወረደውን ጥቁር እጣቢ በሳህን ተቀብለው ያስቀምጡ እንጂ ወደ ቦይ አይልቀቁት፤ የደሴ ቦይ መጨረሻው ቦርከና ነው፣ ከቦርከና በታች ደግሞ ውኃውን ለመስኖና ለከብት የሚጠቀም ገበሬ አለ።

ሞተሩ ከደረቀ በኋላ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይነፉ፤ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) እና የአየር መግቢያው አካባቢ ግን እንዳይደርስ ይጠንቀቁ። ከዚያ መኪናውን ይንዱት። በሰፈር ውስጥ የሚደረግ አጭር ዙር በቂ አይደለም፤ ሞተሩ በደንብ ሞቆ መጫን አለበት። ከኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ሲወጣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ጭነት ስለሚሸከም፣ በሜዳ ላይ የማይታይ ፍሳሽ እዚያ ይወጣል። ሲመለሱ ኮፈኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ነጩ ፓውደር ላይ ቀጭን የጠቆረ መስመር ይታያል፤ የመስመሩ የላይኛው ጫፍ የሚፈልጉት ቦታ ነው። ከእርሱ በታች ያለው ርጥበት ሁሉ ከዚያ የወረደ ነውና አያሳስብዎት።

ዳገት ላይ የሚብሰው ፍሳሽ አንድ ተጨማሪ ነገር ይናገራል። ከፒስተን ቀለበቶች አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባ ጋዝ ሁልጊዜ አለ፤ ይህን ጋዝ ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰው ፒ.ሲ.ቪ. ቫልቭ የሚባለው አነስተኛ ዕቃ ነው። ቫልቩ በቆሻሻ ከተደፈነ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ በውስጥ የሚጠራቀመው ግፊትም ዘይቱን ከደካማው ሲል በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ጓርኒሲዮን ቢቀየር ብዙም ሳይቆይ ሌላኛው ያፈሳል። ስለዚህ ማንኛውንም ጓርኒሲዮን ከመግዛትዎ በፊት ቫልቩን ከቫልቭ ክዳኑ ላይ ነቅለው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ ደኅና ከሆነ በውስጡ ያለችው ማርገቢያ ትንኳኳለች፤ ድምፅ ከሌለው ተደፍኗል። ሞተሩ ተነሥቶ በዝግታ ሲሠራም በተነቀለው ቫልቭ አፍ ላይ ጣት ሲያሳርፉ መምጠጥ ሊሰማዎት ይገባል። በካርቡራተር ማጽጃ ማጠብ ይቻላል፤ ዋጋው ውድ ስላልሆነ ግን መቀየሩ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ቱቦውም ተሰንጥቆ ወይም ታጥፎ እንደሆነ ይመልከቱ። ቫልቩ አዲስ ሆኖ ሳለ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጋዝ በኃይል የሚተፋ ከሆነ፣ ቀለበቶቹ ማለቃቸውን ይጠርጥሩ።

ከዚህ በኋላ በቀላሉ የሚደረስባቸውን መመርመር ነው። ዘይት በቅርቡ ተቀይሮ ወዲያው መፍሰስ የጀመረ መኪና ላይ መጀመሪያ ፊልትሮው ይታያል፤ የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ዘይቱ በብዛት ይወጣልና። አዲስ ፊልትሮ ሲገጠም ጎማው በንጹሕ ዘይት ይቀባል፤ ጎማው ብረቱን ከነካ በኋላም በእጅ የዙር ሦስት አራተኛ ያህል ይጠበቃል እንጂ በመፍቻ አይታሰርም። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ካነባ ቀለበቱን ይቀይሩ፤ ኃይል ጨምሮ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል። የዘይት ግፊት ማመልከቻው ሴንሰር ደግሞ ሶኬቱ ሲነቀል በውስጡ ዘይት ከተገኘ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። አዲሱን ሲገጥሙ ጥርሱ ላይ የቧንቧ ፕላስቲክ አብዝተው አይጠምጥሙ፤ በብዙ መኪናዎች ላይ የመብራቱ መሬት (ኔጌቲቭ መስመር) በዚያው ጥርስ በኩል ስለሚያልፍ የዳሽቦርዱ መብራት ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በቀድሞዎቹ ኮሮላዎች ላይ ዲስትሪቢውተሩ ከሞተሩ የሚገናኝበት ኦሪንግም ደጋግሞ የሚያፈስ ነው። ኦሪንጉን ለመቀየር ዲስትሪቢውተሩ መውጣት ስላለበት፣ ከመፍታትዎ በፊት የቆመበትን አቅጣጫ በብረቱ ላይ በጭረት ምልክት ያድርጉ፤ ያለበለዚያ የማቀጣጠያው ጊዜ ይዛባል።

በቤት ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ ዋናው የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ነው። ከዚህ የሚወጣ ዘይት ትኩስ የጭስ ማውጫ ላይ ሲንጠባጠብ የሚቃጠል ሽታ ያመጣል፤ እሳትም ሊያስነሣ ስለሚችል ለሌላ ጊዜ የሚተው አይደለም። መለዋወጫ ሲገዙ የሞተሩን ዓይነት ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለ አሮጌውን ጓርኒሲዮን ከአዲሱ ጋር አስተያይተው ይግዙ፤ ምክንያቱም ስማቸው አንድ የሆኑ ኮሮላዎች በሞተር ይለያያሉ። የብሎኖቹን ጎማዎችና፣ ሞተርዎ ካለው፣ የካንዴላ ጉድጓድ ሲሎችንም አብረው ይግዙ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ የባትሪው ገመድ ከተላቀቀ በኋላ፣ የሚነቀለውን ሁሉ አስቀድመው በስልክ ፎቶ ያንሡ። የካንዴላ ገመዶችን በቁጥር ምልክት አድርገው ይንቀሉ፤ የፒ.ሲ.ቪ. ቱቦውንና በክዳኑ ላይ የሚያልፈውን የነዳጅ መስጫ ፔዳል ገመድ ያላቅቁ፤ ብሎኖቹንም ከዳር ወደ መሀል በየተራ ያላሉ። ክዳኑ ተጣብቆ እንቢ ካለ በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ጎኑን ቀስ ብለው ይምቱት። በካቻቢቴ መፈልቀቅ አልሙኒየሙን ይጭረዋል፤ የተጫረ ብረት ደግሞ በአዲስ ጓርኒሲዮንም አይገጥምም። ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ወደ ሞተሩ የሚወስዱትን ክፍት ቦታዎች በማይበጣጠስ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፣ የተረፈውን ጎማና ሲሊኮን በፕላስቲክ መፋቂያ ያንሡ። ክዳኑ ከቆርቆሮ ከሆነ ጠርዙን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አሳርፈው ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት እንዳለው ይመልከቱ፤ ከዚህ በፊት ያለ ልክ ተጠብቆ ከሆነ በብሎኖቹ አካባቢ ይጎብጣል።

እዚህ ላይ ስለ ሲሊኮን መናገር ግድ ይላል። የጎማ ጓርኒሲዮን ዙሪያውን ሲሊኮን አይፈልግም፤ የሚያስፈልገው አምራቹ ባመለከታቸው ማዕዘኖች፣ ማለትም ግማሽ ጨረቃ የመሰሉት መድፈኛዎችና የካም ሻፍቱ (ቫልቮችን የሚከፍተው ዘንግ) መሸፈኛዎች ጠርዝ በሚገናኙበት ቦታ ብቻ፣ ያውም በስፓጌቲ ውፍረት ነው። ከዚህ ያለፈው ወደ ውስጥ ይጨመቃል፤ ቆይቶ ይበጠሳል፤ ቁርጥራጩም በዘይት ቋቱ ውስጥ ያለውን የፓምፕ ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቱ የተደፈነበት ሞተር ዘይት ሳያገኝ ይሠራል፤ ጥቂት ጠብታ ለማቆም የተቀባ ሲሊኮን ሞተር ሲያነክስ (ዘይት አጥቶ ተጣብቆ እንዲቆም ሲያደርግ) ከማየት የሚያሳዝን ነገር የለም። ሲሊኮን የሚቀባበት ብረት ደግሞ ፍጹም ደረቅና ከዘይት የጸዳ መሆን አለበት።

ጓርኒሲዮኑ በቦዩ ውስጥ ሳይጠመዘዝ ከተቀመጠ በኋላ ክዳኑን ቀጥ አድርገው ያውርዱ፤ ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ ያስገቡ፤ ከዚያም ከመሀል ወደ ዳር በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በሁለት ወይም በሦስት ዙር ያጥብቁ። የብሎኖቹ ልክ በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ከ10 ኒውተን ሜትር አይበልጥምና፣ የቶርክ መፍቻ ከሌለዎት አጭር መፍቻ ይዘው በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ይሥሩ። የተቀባው ሲሊኮን በቱቦው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያህል ይደር፤ ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ 24 ሰዓት ይፈልጋሉ፤ በደሴ ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ አይተው ከላይኛው መስመር ሳያልፍ ይሙሉ፤ ሞተሩን ካስነሡ በኋላም እስኪሞቅ ድረስ አጠገቡ ቆመው ዙሪያውን ይመልከቱ።

የዘይት ቋቱ ጓርኒሲዮን የሚለወጠው ከመኪናው ሥር ተገብቶ ነው። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሥሩ መግባት ሕይወት ያስከፍላል። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ከሌለዎትና ቦታው ደልዳላ ካልሆነ ይህን ሥራ ይተዉት።

ፍሳሽ ያቆማሉ ተብለው ዘይት ውስጥ የሚጨመሩ ፈሳሾች የጠነከረውን ጎማ ለጊዜው ያሳብጡ ይሆናል፤ የተቀደደውን ግን አይሰፉም፤ እኔ አልመክራቸውም። ወፍራም ዘይት ማድረግም እንዲሁ ነው፤ አምራቹ ከፈቀደው ውፍረት ከወጣ በቀዝቃዛ ጠዋት ወደ ሞተሩ አናት ለመድረስ ይዘገያል። ከሐረጎ ቁልቁለት ወርደው የነዳጅ መስጫውን ሲረግጡ ሰማያዊ ጭስ ከታየ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዘይቱ በቫልቭ ሲሎች በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ እየተቃጠለ ነውና ከውጭ የሚቀየር ጓርኒሲዮን አያቆመውም።

የካም ሻፍትና የክራንክ ሻፍት የፊት ሲሎች፣ ካምቢዮ የሚያስወርደው የኋላ ሲልና የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጓርኒሲዮን ለጋራዥ ይተዉ። የፊት ሲሎች ፍሳሽ የታይሚንግ ቺንጋውን ካረጠበ፣ ቺንጋው አብሮ ይቀየር፤ ዘይት የጠጣ ቺንጋ ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቮችን ያጣምማልና። ወደ ጋራዥ ሲሄዱ ፓውደሩ ላይ የታየውን መስመር ፎቶና የቀየሩትን ዕቃ ዝርዝር ለመካኒኩ ያሳዩት፤ ያጠራቀሙትንም አሮጌ ዘይት በክዳን በተዘጋ ጀሪካን ይዘው ሄደው፣ ያገለገለ ዘይት የሚሰበስቡ ከሆነ እዚያው ያስረክቡ።