ፒያሳ አካባቢ አዲስ አፓርታማ ለመከራየት ስታስቡ

መጀመሪያ ከደላላ ጋር አትሂዱ። ብቻችሁን ሂዱ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥታችሁ እስከ አራት ኪሎ በእግር ውረዱ። ሰፈሩ የትናንቱ አይደለም፤ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የድሮ ሰፈር በ2016 ፈርሷል፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተመርቋል፣ መንገዱም በኮሪደር ልማቱ መልኩን ቀይሯል። ሕንፃው አዲስ ቢሆንም ውሃውና መብራቱ ግን የሰፈሩ ነው። ስለዚህ ባለ ሱቁን፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋን ልጅ፣ ጥበቃውን ጠይቁ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በየትኛው ቀን? መብራት ሲጠፋስ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል? ደላላ የማይነግራችሁን እነሱ ይነግሯችኋል።

ቤቱን ሁለቴ እዩት፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ። ከታች መጠጥ ቤት ካለ ማታ ታውቁታላችሁ። ጊዮርጊስ አጠገብ ከሆነ ሌሊት የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። እኔ እወደዋለሁ፣ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ግን ቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

ሕንፃው ውስጥ ስትገቡ ስለ ሴራሚኩና ስለ ኪችን ካቢኔቱ አትጨነቁ፣ እሱ በዓይን ይታያል። የምትጠይቁት ስለ ታንከር፣ ስለ ፓምፕና ስለ ጄነሬተር ነው። አንድ ጊዜ ስድስተኛ ፎቅ ተከራይቼ ነበር። ታንከሩ ምድር ላይ ሞልቶ ፓምፑ ስለተበላሸ ብቻ ለሳምንታት ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ወጥቻለሁ፤ አከራዩም «ነገ ይሠራል» ከማለት ውጪ ያደረገው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን ራሴ ከፍቼ ሳላይ አልፈርምም። ጄነሬተሩ ሊፍቱንና ፓምፑን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው ወይስ ቤት ውስጥም ይገባል? ነዳጁን ማን ይከፍላል? ለጥበቃና ለጽዳት የሚዋጣው ከኪራዩ ውጪ ነው? ይህን ሁሉ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጨርሱ። የደላላውንም ኮሚሽን እንዲሁ።

ቀጥሎ ወረቀት። የአከራዩን መታወቂያና የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን እዩ፤ የሚያከራያችሁ ወኪል ከሆነ ውክልናውን ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም። አካባቢው ገና እየተለወጠ ስለሆነ ወረዳ ሄዳችሁ ግቢው ለልማት ይፈለግ እንደሆነም ጠይቁ።

ውሉን ስትጽፉ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አስታውሱ። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ዘመኑ በመርህ ደረጃ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ገንዘቡም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ከተፈራረማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለባችሁ። «የ6 ወር ቅድሚያ ካልከፈላችሁ ለሌላ እሰጠዋለሁ» የሚል ብዙ ነው። ቤቱ አምሯችሁም ቢሆን አዋጁን ለአከራዩ አስታውሱት፣ እምቢ ካለ ተዉት። ውሉ ላይ ከምትከፍሉት ዝቅ ያለ ኪራይ ይጻፍ የሚላችሁም ካለ እሺ አትበሉ፤ ነገ ጭቅጭቅ ሲመጣ በእጃችሁ የሚቀረው የተጻፈው ብቻ ነው።

ቁልፍ ስትረከቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሡ፤ ያለፈው ተከራይ ውዝፍ ትቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የበሩን መጥበቅ፣ የሻወሩን ማፍሰስ ሁሉ በቪዲዮ ያዙትና ለአከራዩ በቴሌግራም ላኩለት። ከዚያ ጎረቤት ቡና ጥሩ፤ ሰፈሩ ዕድር ካለው ደግሞ በዚያው ቀን አጠያይቁ።