ስለ ትሬይቮን ማርቲን ጉዳይና ስለ ራስን መከላከል ሕግ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ የሆነ ሰው ሰፈር ውስጥ ተኩሶ ሰው ገድሎ «ራሴን ነው የተከላከልኩት» ባለ ቁጥር በየሀበሻ ቤቱ በየቴሌግራም ግሩፑ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ እዛችው ሳንፎርድ፣ ፍሎሪዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ማረፉ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሌ በተሳሳተ መረጃ ነው የምንከራከረው፣ አንዱ «ሕጉ ነው ነፍሰ ገዳይ ያስለቀቀው» ይላል፣ ሌላው «ልጁ ባይማታ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር» ይላል፣ ሁለቱም ኬዙን በደንብ አላዩትም። ልጅ የሞተበት ነገር ስለሆነ በግምት ባናወራው ደስ ይለኛል።

ለማያስታውስ ባጭሩ (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2012 ማታ ዝናብ እየጣለ የ17 ዓመቱ ትሬይቮን ማርቲን ከሰቨን ኢለቨን ሱቅ ስኪትልስ ከረሜላና አንድ ጣሳ መጠጥ ገዝቶ ከአባቱ ጋር እንግድነት ወደመጣበት ቤት እየተመለሰ ነበር፣ ሰፈሩ በአጥር የተከለለ የመኖሪያ ግቢ ነው። ጆርጅ ዚመርማን የሚባል የ28 ዓመት የሰፈር ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ መኪናው ውስጥ ሆኖ አየው፣ ተጠራጠረው፣ ፖሊስ ጋር ደወለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ ተያያዙ፣ አንድ ጥይት ተተኮሰ፣ ልጁ እዛው ሳር ላይ ሞተ፣ ምንም መሳሪያ አልያዘም ነበር። ጁላይ 13 ቀን 2013 ስድስት ሴቶች የነበሩበት ጁሪ (ከሕዝብ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡ ሰዎች) ዚመርማንን ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ለቀቀው።

«ያስለቀቀው ስታንድ ዩር ግራውንድ ነው» ብሎ መዝጋት

ይሄ ትልቁ ስህተት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ፍሎሪዳ ውስጥ ድሮ ሰው ከቤቱ ውጭ ጥቃት ሲመጣበት በሰላም ማምለጥ ከቻለ መሸሽ ነበረበት፣ ቤቱ ውስጥ ከሆነ ግን ሽሽ አይባልም። በ2005 ገዥው ጄብ ቡሽ የፈረሙት ስታንድ ዩር ግራውንድ («ባለህበት ቁም») የሚባለው ሕግ ይሄን ቀየረው፣ መገኘት መብቱ የሆነ ቦታ ላይ ያለ ሰው፣ ሞት ወይ ከባድ የአካል ጉዳት ሊደርስብኝ ነው ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነ፣ ሳይሸሽ ባለበት መተኮስ ይችላል። ሕጉ በዛ አላበቃም፣ ራሱን የተከላከለ ሰው ከመከሰስም ይጠበቃል፣ ፖሊስም ድርጊቱ ከሕግ ውጭ ነው የሚያሰኝ በቂ ምክንያት እስካላገኘ ድረስ ማሰር አይችልም አለ።

የዚመርማን ጠበቆች ታዲያ ከችሎቱ በፊት ዳኛ ፊት ቀርበው በዚህ ሕግ ክሱ ይዘጋልን ማለት ሲችሉ ተዉት። ጁሪው ፊት የተከራከሩት በጥንቱ ራስን መከላከል ነው፣ ሰውየው በጀርባው ወድቋል፣ ልጁ ከላይ ሆኖ እየመታው ነው፣ ጭንቅላቱን ኮንክሪት ላይ እያጋጨው ነው፣ መሸሻም የለውም የሚል። ይሄን ታሪክ ከተቀበልክ መሸሽ ግዴታ በሆነበት ስቴትም ውጤቱ ያው ሊሆን ይችላል። «እንግዲያው ሕጉ ከደሙ ንጹህ ነው» የሚሉትስ? እነሱም ተሳስተዋል። ዳኛዋ ለጁሪው የሰጡት መመሪያ ውስጥ የመሸሽ ግዴታ የለበትም፣ ባለበት የመቆም መብት አለው የሚለው ቃል ገብቷል፣ ከጁሪዎቹ አንዷም በኋላ ሲኤንኤን ላይ ቀርባ ስለ ውሳኔያቸው ስታወራ ይሄንኑ ሕግ አንስታለች።

ከሁሉ በላይ ግን ከችሎቱ በፊት ያለውን ጊዜ እዩት። ልጁ የሞተው ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፣ ዚመርማን የተከሰሰው አፕሪል 11 ነው፣ ወር ተኩል ማለት ነው፣ ፖሊስ ለምን አላሰራችሁትም ሲባል የጠቀሰው ያንኑ የ2005ቱን ሕግ ነው። ወላጆቹ ባይጮሁ፣ ሕዝቡ በየከተማው ልጁ እንደለበሰው ሁዲ (ባለ ኮፍያ ሹራብ) ለብሶ አደባባይ ባይወጣ፣ ገዥው ሪክ ስኮትም ልዩ አቃቤ ሕግ ባይሾሙ ኖሮ ጉዳዩ ጁሪ ፊትም አይደርስም ነበር ብዬ ነው የማምነው። ሕጉ ትልቁን ሥራ የሠራው እዛ ነው፣ ፍርዱ ቀን ሳይሆን የመጀመሪያው ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ።

«ፖሊስ አትከተለው ብሎ አዞት ነበር» ማለት

የስልክ ቅጂው አለ፣ ማንም ሊሰማው ይችላል። መጀመሪያ ነገር የደወለው 911 ሳይሆን አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ የሚደወልበት የፖሊስ መስመር ነው፣ ያነጋገረውም ስልክ ተቀባይ ነው እንጂ ፖሊስ አይደለም። ዚመርማን ልጁ እየሮጠ ነው አለ፣ የመኪና በር ሲከፈት ይሰማል፣ ንፋስ ማይኩን ሲመታው ይሰማል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ተቀባዩ እየተከተልከው ነው እንዴ አለው፣ አዎ አለ፣ እሺ፣ እሱን እንድታደርግ አያስፈልገንም አለው፣ ዚመርማንም እሺ አለ። ያ ምክር ነው፣ በሕግ ትእዛዝ አይደለም። ከዛ በኋላ መከተሉን ቀጠለ ወይስ ወደ መኪናው እየተመለሰ ነበር የሚለው ላይ ነው ከሳሽና ተከላካይ የተለያዩት።

ይሄን ስል ዚመርማንን ለመከላከል አይደለም፣ እንደውም የሚያናድደኝ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። በፍሎሪዳ ሕግ ጠቡን የጀመረው እሱ ነው ተብሎ መብቱን የሚያጣው ሰው በኃይል ወይ በኃይል በማስፈራራት የተነኮሰ ነው። በጨለማ፣ በዝናብ፣ ሽጉጥ ታጥቆ አንድ ልጅን ከኋላ መከተል ብቻውን መተንኮስ አይባልም። ስለዚህ ልጁ በዛች ደቂቃ የተሰማው ፍርሃት፣ የማያውቀው ሰው ሲከተለው እሱም ራሱን የመከላከል መብት ነበረው ወይ የሚለው ጥያቄ፣ ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ሕጉ የሚጠይቀው የተኳሹ ጣት ቃታ ላይ ባረፈበት ሰከንድ ምን አምኖ ነበር ብሎ ነው። መከራከር ያለብን እዚህ ላይ ነበር፣ እኛ ግን «አዞታል፣ አላዘዘውም» ላይ ጊዜያችንን እንጨርሳለን።

የተቆረጠ ድምፅ ሼር ማድረግ

በ2012 ኤንቢሲ የዚመርማንን ስልክ ሲያሰማ መሀሉን ቆርጦ ቀጠለው፣ ሰውየው ሳይጠየቅ ልጁ አጠራጣሪ ይመስላል፣ ጥቁር ነው ያለ አስመሰለው። ሙሉው ላይ ግን ስልክ ተቀባዩ ነጭ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ወይስ ሂስፓኒክ ብሎ ጠይቆት ነው ጥቁር ይመስላል ያለው። ጣቢያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ሰዎችም ከሥራ ተባረሩ፣ ያ ቅጂ ግን እስከዛሬ የሚያምነው አለ። የዘር ጉዳይ የለበትም እያልኩ አይደለም፣ አለበት፣ በጣም አለበት፣ ለዛ ነው በውሸት ክሊፕ ማቆሸሽ የማይገባን፣ አንዴ ከተያዝክ እውነቱንም አብረህ ነው የምታስጥለው። ልጁ ትምህርት ቤት ተቀጥቶ ነበር እያሉ የእሱ ያልሆኑ ፎቶዎች ሲበትኑ የነበሩትም ያው ናቸው፣ ስለነሱ ብዙ አልልም።

«ነፃ ወጣ ማለት ንጹህ ነው» ብሎ ማሰብ

ጁሪው ያለው ጥፋተኛ አይደለም ነው፣ በቃ። ፍሎሪዳ ውስጥ ተከሳሽ ራሴን ተከላክያለሁ የሚል ጥቂት ማስረጃ ካቀረበ፣ እንዳልተከላከለ ከጥርጣሬ በላይ ማስረዳት የአቃቤ ሕግ ሸክም ነው፣ በሌሎቹ ስቴቶችም እንደዛው ነው፣ ተከሳሹ ራሱ ያስረዳ የሚለውን ኦሃዮ እንኳን በ2019 ትታዋለች። ሁለት ሰው ብቻቸውን በነበሩበት ጨለማ አንዱ ሞቶ አንዱ ሲቀር ጥርጣሬ መቼም አይጠፋም፣ የሞተው ቀርቦ አይናገር። ፍርድ ቤት እውነቱን አገኘ ሳይሆን አቃቤ ሕግ ሸክሙን አልተወጣም ነው የሚባለው። የፌደራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤትም በ2015 በሲቪል መብት ክስ አልመሠርትም ሲል ያለው ማስረጃ ለዛ ከባድ መለኪያ አይበቃም ነው ያለው።

ምስክርን በእንግሊዝኛዋ መመዘን

ይሄ እኛን በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ማለፍ አልቻልኩም። ትሬይቮን ከመሞቱ በፊት በስልክ ያወራት የነበረች ጓደኛው የ19 ዓመት ልጅ ሆና ምስክር ቆማለች፣ እናቷ የሄይቲ ሰው ናቸው፣ ልጅቷ ያደገችው እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት አይደለም። የሚከተለው ሰው እንዳለ ነግሮኛል አለች፣ ከሟቹ በኩል የተሰማው ዋናው ድምፅ እሱ ነው። ሕዝቡ ግን ስለ አነጋገሯ፣ ስለ ድምፀቷ፣ ስለ ፊቷ ሲያሾፍ ከረመ፣ ያቺው ሲኤንኤን ላይ የቀረበችው ጁሪም አነጋገሯ ለመረዳት እንደከበዳትና ብዙም እንዳላመነቻት ተናግራለች። እናቶቻችን፣ አጎቶቻችን፣ እኛም ራሳችን አንድ ቀን ፍርድ ቤት ልንቆም እንችላለን፣ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፣ «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ብሎ በኩራት መግባት የለበትም ማንም ሰው። የሀበሻ ልጆችም ያኔ አብረው ሲስቁባት ሰምቻለሁ፣ አሁንም ያመኛል።

«ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» ማለት፣ ወይ ያለ ጥንቃቄ ማወዳደር

ማሪሳ አሌክሳንደር በ2010 ጃክሰንቪል፣ እዛው ፍሎሪዳ፣ ይደበድባት የነበረ ባሏ ላይ የማስጠንቀቂያ ጥይት ተኮሰች፣ ማንም አልቆሰለም፣ 20 ዓመት ተፈረደባት። የከሰሰችው ደግሞ በኋላ ዚመርማንን የከሰሰችው ያቺው አቃቤ ሕግ አንጀላ ኮሪ ናት። ሰው ይሄን ሲሰማ ደሙ ቢፈላ አልፈርድበትም። ግን ስታወሩት ሙሉውን አውሩት፣ ዳኛው ስታንድ ዩር ግራውንድን የከለከላት ወደ ጋራዥ ሄዳ ሽጉጥ ይዛ ተመልሳ ገብታለች ብሎ ነው፣ ልጆችም እዛው ነበሩ፣ 20 ዓመቱ የመጣው ደግሞ መሳሪያ በተኮሰ ሰው ላይ ዳኛ ሊቀንሰው የማይችል ቅጣት የሚያስቀምጥ ሌላ ሕግ ስለነበረ ነው። ይግባኝ ሰሚው ለጁሪው የተሰጠው መመሪያ ሸክሙን እሷ ላይ ጥሏል ብሎ ፍርዱን ሻረው፣ ከአቃቤ ሕግ ጋር ተስማምታ በ2015 መጀመሪያ ከእስር ወጣች፣ ቀሪውን ቤቷ ሆና ጨረሰች። በዝርዝሩም ቢሆን ፍትሑ ያንገሸግሻል፣ መቀነስ መጨመር አያስፈልገውም።

አሜሪካን ሁሉ በአንድ ሕግ ማሰብ

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ ታክሲና ኡበር የምትሠሩ ወይ ሱቅ ያላችሁ፣ ይሄን አንብቡት። በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ታቋርጣላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከቤትህ ውጭ በሰላም መሸሽ ከቻልክ መሸሽ አለብህ። ቨርጂኒያ እንደ ፍሎሪዳ የተጻፈ ሕግ የላትም፣ ግን ፍርድ ቤቶቿ ለቆየ ጊዜ ጥፋት የሌለበት ሰው መሸሽ የለበትም፣ ጠቡ ውስጥ እጁ ያለበት ግን መጀመሪያ መሸሽ አለበት ሲሉ ኖረዋል። ዲሲ መሀል ላይ ናት፣ ግዴታ ባይሆንም ጁሪው መሸሽ ይችል ነበር ወይ የሚለውን ሊያመዛዝነው ይችላል። የቨርጂኒያ የሽጉጥ ፈቃድ ደግሞ ሜሪላንድም ዲሲም አይሠራም፣ ድልድዩን በተሻገርክ ሰዓት ወንጀለኛ ልትሆን ትችላለህ፣ ይሄን ሳያውቁ የተቸገሩ አሉ። ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ ቴክሳስ ሕጉን በ2007 ነው ያሰፋችው፣ ሚኒሶታ ያላችሁ ደሞ ከቤት ውጭ መሸሽ ግዴታ ነው።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውም ግምት አይሠራም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ሲሆንና መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው ከቅጣት የሚያድነው፣ አንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ ሲያልፍ ቅጣት ይቀነስለታል ይላል። እዚህ ብዙ ቦታ እንዲህ ያለ መሀል መንገድ ጠባብ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነህ ወይ ለአመታት ትገባለህ።

«ያለፈ ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም» ማለት

በ2018 ክሊርወተር፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ጠብ ገፍትሮ የጣለውን ሰው የገደለ ሰውዬ መጀመሪያ ሸሪፉ በዚሁ ሕግ አላስረውም ብሎ ነበር፣ በኋላ ተከሶ 20 ዓመት ገባ። በ2023 እዛው ፍሎሪዳ፣ ኦካላ ውስጥ አንዲት ሴት በተዘጋ በር ተኩሳ የልጆች እናት የሆነች ጎረቤቷን ገደለች፣ 25 ዓመት ተፈረደባት። እዛው 2023 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ደሞ የ16 ዓመት ልጅ ታናናሾቹን ሊወስድ ሄዶ አድራሻ ተሳስቶ የማያውቀው ሰው ደወል ስለደወለ ብቻ ጭንቅላቱ ላይ በጥይት ተመታ፣ ተርፏል። ስንቶቻችን ነን ማታ ማታ ምግብ እያደረስን የማናውቀውን በር የምናንኳኳው? የኛ ልጆች በዛ ሰፈር ሲሄዱ ሀበሻ ናቸው ብሎ የሚለያቸው የለም።

መጨረሻ ላይ፣ ፕሬዚዳንቱ አንድ ነገር ያድርግልን ብሎ መጠበቅም ስህተት ነው። ኦባማ በ2013 ትሬይቮን ከ35 ዓመት በፊት እኔ ልሆን እችል ነበር አሉ፣ የኦባማ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ የነበሩት ኤሪክ ሆልደርም እነዚህን ሕጎች ተቃወሙ፣ የፍሎሪዳ ሕግ ግን አልተነካም፣ እንደውም በ2017 ዋና ከተማዋ ታላሃሲ ያሉት የፍሎሪዳ ሕግ አውጪዎች ከችሎት በፊት ያለውን የማስረዳት ሸክም ወደ አቃቤ ሕግ አዙረው አጠናከሩት። አንጀላ ኮሪን ግን የራሷ አውራጃ መራጮች በ2016 በፕራይመሪ (በፓርቲ ውስጥ ምርጫ) ድምፅ አወረዷት። ሕጉ የሚጻፈው ስቴት ላይ ነው፣ ከሳሹም ብዙ ቦታ የሚመረጥ ነው። ዜግነት ያላችሁ የአካባቢያችሁን አቃቤ ሕግ ምርጫ አትዝለሉት፣ ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ የአናፖሊሱ ምክር ቤት በየዓመቱ ከጃንዋሪ ጀምሮ ለ90 ቀን ነው የሚሰበሰበው፣ ረቂቅ ሕግ ሲወጣ ተመዝግቦ ቀርቦ መናገር ይቻላል፣ በጽሑፍም ይቀበላሉ።