ፈጣን ግን የማይጮህ ኮምፒውተር፦ መጀመሪያ አድምጡ፣ ዕቃውን ቀጥሎ ምረጡ

ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ጠረጴዛ ሥር ያለው ኮምፒውተር ብቻውን ይሰማል። ብዙ ሰው «ኃይለኛ ስለሆነ ነው የሚጮኸው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ይሄን አልቀበልም። ጩኸቱ ሙቀት መውጫ ሲያጣ ፋኖቹ (ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎቹ) ሲጨነቁ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ሙቀቱን በቀላሉ የሚያስወጣ ማሽን ፈጣንም ይሆናል፣ ዝምም ይላል።

ለዓመታት ኮምፒውተር ስገጣጥም አንድ ነገር ገብቶኛል። ጆሮን የሚያሰለቸው የድምፁ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ይበልጡን መለዋወጡ ነው። ወጥ የሆነ ዝቅተኛ የአየር ድምፅ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጭራሽ ይረሳል። ከፍ ዝቅ የሚለው ግን እንደሚንጠባጠብ ቧንቧ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም እንቅልፍ ይነሳል። ዕቃ ስመርጥም ሴቲንግ ስነካም ይህን አስቀድማለሁ።

የሚጮኸው የቱ ነው?

አንድ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሉ። አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ አድርጉ፣ ሌላውን በኬዙ (በኮምፒውተሩ ሳጥን) ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ከኋላ ነው? ከላይ? ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ከፓወር ሰፕላዩ በኩል? ብዙ ጊዜ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለያል። ካልለየላችሁ የጎን ክዳኑን ክፈቱና የኬዝ ፋኖቹን ተራ በተራ ለሁለት ለሁለት ሰከንድ አስቁሙ። መሃሉ ላይ ያለውን ክብ በጣት ጫፍ ጫን ማድረግ ይበቃል፤ ክንፎቹን አትንኩ። ድምፁ ከጠፋ እሱ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ግን ጣትም እንጨትም አይገባም። ከሶኬት ተነቅሎ እንኳን ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ከሁሉ የሚጮኸውን ቀድሞ ማግኘት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። እኩል የሚጮሁ ሁለት ፋኖች ቢኖሩና አንዱን ብታስወግዱ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮ «ድምፁ በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲወርድ ነው። ስለዚህ ውድ ፋን ገዝታችሁ ለውጥ ካጣችሁ ፋኑን አትውቀሱ። ያልተነካ ሌላ ጩኸታም አለ።

ብሮውዘር ስከፍት ፋኑ ይነሳና ተመልሶ ይተኛል

በብዛት የምጠየቀው ይህ ነው። የታናሽ ወንድሜም አዲስ ማሽን እንዲሁ ያደርግ ነበር። አንድ ገጽ ሲከፍት «ሁውውው» ይላል፣ ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ዝም። ተስፋ ቆርጦ ሊመልሰው ሁሉ አስቦ ነበር። አብረን ቁጭ ብለን የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ከፍተን አየን። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ 42 ዲግሪ ላይ ነበር። ብሮውዘሩን ጠቅ ሲያደርግ 69 ገባ፤ ወዲያው ደግሞ 46 ወረደ። ፋኑም አብሮት በደቂቃ ከ900 ዙር ወደ 2,300 ዘለለና ተመለሰ።

መንስኤው እንዲህ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ትንሽ ሥራ ሲያገኝ ለአፍታ ፍጥነቱን ጣሪያ ያስነካል። ሙቀቱ የሚፈጠረው ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ስለሆነ ቁጥሩ በቅጽበት ይዘላል። ላዩ ላይ ያለው ኩለር (ማቀዝቀዣው) ግን ገና አልሞቀም። ማዘርቦርዱ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ) ቁጥሩን ብቻ አይቶ ፋኑን ያስጮኸዋል።

መፍትሄው ምንም ወጪ የለውም። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ግቡና ፋኑ በስንት ዲግሪ በስንት ፍጥነት እንደሚዞር የሚያሳየውን ግራፍ ፈልጉ። እስከ 65 ዲግሪ ድረስ መስመሩን ጠፍጣፋ አድርጉት፤ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይበቃል። ከዚያ እስከ 80 ቀስ እያለ ይውጣ። 85 ላይ ሙሉ ይሁን። ብዙ ማዘርቦርዶች ፋኑ ፍጥነት ከመቀየሩ በፊት ስንት ሰከንድ እንደሚታገስ መወሰኛም አላቸው። ወደ 3 ወይም 5 ሰከንድ ከፍ አድርጉት። የወንድሜ ማሽን ከዚያ ቀን ጀምሮ 800 ዙር ላይ ተኝቶ ይውላል። ያወጣነው ገንዘብ የለም።

ገና ለምትገዙ ደግሞ፣ ከፕሮሰሰሩ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ትንሽ ኩለር እርሱት። 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው፣ ከአራት እስከ ስድስት የመዳብ ቱቦ የያዘ ረጅም ኩለር ግዙ። ለጸጥታ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይሄን ያህል የሚክስ የለም። ቁመቱን ግን ለኩ። ትልልቆቹ 165 ሚሊሜትር ይደርሳሉ፤ ኬዙ ካልበቃ ክዳኑ አይዘጋም።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ካርቶኑ ላይ «65 ዋት» የተባለ ፕሮሰሰር ሁልጊዜ 65 ዋት አይበላም። የኢንቴል ኮር አይ7-12700 መነሻው 65 ዋት ነው፤ ሲጣደፍ ግን እስከ 180 ዋት እንዲደርስ ተፈቅዶለታል። ትንሽ ኩለር ይህን አይችልም። ባዮስ ውስጥ የኃይል ገደቡን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በኤኤምዲ ራይዘን ደግሞ «ኢኮ ሞድ» የሚባል ኃይል መቀነሻ አለ። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሥራ የሚጠፋው ፍጥነት ጥቂት ነው፤ የሚቀንሰው ሙቀት ግን ብዙ።

ፋኑ ከተነሳ ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል

ሶኬቱን እዩ። ባለ 3 ፒን ፋን ባለ 4 ፒን ቦታ ላይ ተሰክቶ ባዮሱ «ፒደብሊውኤም» (በ4ኛው ፒን ትእዛዝ መላክ) ላይ ከሆነ ፋኑ ትእዛዙን አይሰማም። ወደ «ዲሲ» (በቮልቴጅ መቆጣጠር) ቀይሩት። ፋኑ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ ገመድ ከተቀጠለም ተቆጣጣሪ የለውም፤ ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩት።

ቀጭን ፉጨት ይሰማል

ትንሽ ፋን ነው። 80 ሚሊሜትር ፋን የ140 ሚሊሜትሩን ያህል አየር ለመግፋት በጣም መፍጠን አለበት፤ ፍጥነት ደግሞ ጩኸት ነው። የአንድን ፋን ዙር በግማሽ ብትቀንሱ ድምፁ ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። በዚህ ስሌት ሦስት ትልልቅ ፋን በዝግታ ማዞር አንድ ትንሽ ፋን ከማስሮጥ ሁልጊዜ ይሻላል።

ትንሹ ፋን አንዳንዴ ያልጠበቃችሁበት ቦታ ይደበቃል። በ2019 የወጡት የኤክስ570 ማዘርቦርዶች አብዛኞቹ ራሳቸው ላይ አንዲት ሚጢጢ ፋን አላቸው። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቢ550 ፋን አያስፈልገውም። ያገለገለ ማዘርቦርድ ስትመርጡ ይህን ልብ በሉ።

ክዳኑን ስከፍት ጸጥ ይላል፣ ስዘጋው ይጮሃል

ኬዙ ታፍኗል። ለማረጋገጥ ጌም ወይም ከባድ ሥራ ከፍታችሁ የግራፊክስ ካርዱን (ምስል የሚሠራውን ካርድ) ሙቀት ክዳኑ ተዘግቶም ተከፍቶም እዩ። ልዩነቱ 10 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ካርዱ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ እየሳበ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጸጥታ ፍለጋ ፊቱ በመስታወት ወይም በድፍን ፕላስቲክ የተዘጋ፣ ውስጡ ስፖንጅ የተለጠፈበት ኬዝ ይገዛል። ስፖንጁ ድምፅ ይውጣል፤ እውነት ነው። ግን አየሩን ከዘጋችሁት ፋኖቹ ይፈጥናሉ፣ ስፖንጁ የዋጠውን ይመልሱታል። ግራፊክስ ካርድ ላለው ማሽን የእኔ ምርጫ ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ነው። ከፊት ሁለት ባለ 140 ሚሊሜትር ፋን አየር ያስገቡ፣ ከኋላ አንድ ያስወጣ። የሚገባው ከሚወጣው ትንሽ ከበለጠ አየሩ በማጣሪያው በኩል ስለሚገባ አቧራም ይቀንሳል። ማጣሪያውን በየወሩ አራግፉት።

ፓወር ሰፕላዩም እዚህ ይገባል። ማሽኑ ሲበዛ 300 ዋት የሚበላ ከሆነ ከ550 እስከ 650 ዋት ያለውን ግዙ። ፓወር ሰፕላይ አቅሙን በግማሽ ገደማ ሲሠራ ብዙም አይሞቅም፤ ሥራ ሲቀል ፋኑን ጨርሶ የሚያቆም ዓይነትም አለ።

ጠረጴዛው ራሱ ያጉረመርማል

እጃችሁን ኬዙ ላይ አሳርፉ። ንዝረት ከተሰማችሁ ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7,200 ዙር ማለት በሰከንድ 120 ጊዜ ነው፤ ያ ንዝረት በብረቱ አድርጎ ወደ ጠረጴዛው ይገባል። ከብሎኑ ሥር የጎማ ማስገቢያ አድርጉ፣ ኬዙንም ከጠረጴዛው ላይ አውርዱት። የተሻለው ግን ሃርድ ዲስኩን ከማሽኑ ማውጣት ነው። ፎቶና ፊልም ማስቀመጫ ከሆነ በውጭ ማቀፊያ አድርጋችሁ ስትፈልጉት ብቻ ሰኩት። «ቂር ቂር» ወይም «ቋ ቋ» ካለ ግን ስለ ጸጥታ ማሰብ ትታችሁ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል፣ በየመሃሉ ስታክ ያደርጋል

ዊንዶውሱ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ሌላ መንስኤ አትፈልጉ። ሃርድ ዲስክ አንድ ፋይል ለመድረስ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈልጋል። ኤስኤስዲ (በቺፕ የሚሠራ ማስቀመጫ) ከመቶ እጥፍ በላይ ይቀድመዋል፤ የሚዞር ነገር ስለሌለውም ድምፅ የለውም። ጸጥታና ፍጥነት በአንድ ዕቃ የሚገኙት እዚህ ነው።

የትኛው ኤስኤስዲ? በሳታ ገመድ የሚሠራው በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ማዘርቦርዱ ላይ የሚተኛው ኤንቪኤምኢ ደግሞ እንደ ትውልዱ 3,500፣ 7,000 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቁጥሩ አያጓጓችሁ። ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ መሻገር ሕይወት ይቀይራል፤ ከ3,500 ወደ 7,000 መሻገር ግን በዕለት ተዕለት ሥራ አይታወቅም። የተረፈውን ገንዘብ መጠኑ ላይ አውሉት። ሊሞላ የደረሰ ኤስኤስዲ ሲጽፍ ይንቀራፈፋል፤ ርካሾቹ ላይ ይብሳል። ቢያንስ 15 በመቶ ባዶ ይሁን።

ፈጣን ራም ገዝቼ ለውጥ የለውም

ምናልባት ፍጥነቱ አልተከፈተለትም። 3,200 ተብሎ የተሸጠ ዲዲአር4 ራም ባዮሱ ካልተነካ ብዙ ጊዜ 2,133 ወይም 2,400 ላይ ይሠራል። ባዮስ ውስጥ «ኤክስኤምፒ» ወይም «ኤክስፖ» የሚለውን አብሩት። ቀጥሎ ቦታውን እዩ። አራት መሰኪያ ካለ ሁለቱ ራሞች ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ላይ ይገባሉ፤ ጎን ለጎን ከተሰኩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ መንገድ ነው የሚሠሩት። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ይሻላል። በአዲሱ ትውልድ ዲዲአር5 ራም ላይ አራቱንም መሙላት ፍጥነቱን ሊያስቀንስ ይችላል፤ ሁለት ትልልቅ ግዙ።

ግራፊክስ ካርድ አለኝ፣ ጌሙ ግን ይንገዳገዳል

የሞኒተሩ ኬብል የት ነው የተሰካው? ማዘርቦርዱ ላይ ከሆነ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ወደ ካርዱ አዛውሩት። ሞኒተሩ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ምስል) ከሆነም ዊንዶውስ 60 ላይ ትቶት እንዳይሆን ሴቲንጉን ተመልከቱ።

ሲጀምር ፈጣን ነው፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይደክማል

ፕሮሰሰሩ ሞቆ ራሱን እያዘገየ ነው። 95 ወይም 100 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ፍጥነቱን በገዛ ፈቃዱ ይቀንሳል። አሮጌ ማሽን ከሆነ በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ይሆናል፤ ጠርጋችሁ አተር የምታህል ጠብታ አድርጉበት። አዲስ ከሆነ ኩለሩን ፍቱና ሥሩን እዩ። አንድ ጊዜ ሰው አምጥቶልኝ ስፈታው መከላከያ ላስቲኩ አልተላጠም ነበር። ላዩ ላይ «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ» የሚለው ጽሑፍ ፔስቱ ውስጥ ተቀብሯል። ስድስት ወር ሙሉ እንደዚያ ሠርቷል።

ትልቅ ፋይል ስትገለብጡ ብቻ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ኤስኤስዲውን ጠርጥሩ። ግራፊክስ ካርዱ ሥር ተደብቆ ይሞቃል። ብዙ ማዘርቦርድ ላይ መሸፈኛ ብረት አለው፤ እሱን ግጠሙለት።

ምንም ፋን ሳይዞር ሲጥ ሲጥ ይላል

ይህ የፋን ድምፅ አይደለም። ግራፊክስ ካርዱ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉ የሽቦ ጥቅሎች ኤሌክትሪክ ሲመላለስባቸው ይንቀጠቀጣሉ። ማውዙን ስታንቀሳቅሱ ወይም የጌም ሜኑ ሲከፈት ድምፁ ከተቀየረ እሱ ነው። ሜኑ ቀላል ስለሆነ ካርዱ በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ምስል ይሠራል፣ ሲጥታውም ያኔ ይብሳል። የምስሉን ብዛት ከሞኒተሩ ፍጥነት እንዳይበልጥ ገድቡት፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይለዝባል። ካልለዘበ ግን ፔስትም ፋንም አያድነውም። ለዚህ ነው አዲስ ካርድ ገዝታችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ፣ ማታ ክፍሉ ጸጥ ሲል ከባድ ጌም ከፍታችሁ ማድመጥ ያለባችሁ። ካርቶኑንም እስከዚያው አትጣሉት።