ለበርበሬ የሆነ ከረጢት ለአዋዜ ላይሆን ይችላል፦ የምግብ ማሸጊያ እንዴት እንደሚመረጥ

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና አዋዜ አዘጋጅቼ መሸጥ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ስድስቱን ዓመት ስለ ማሸጊያ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አያፍስስ፣ አይቀደድ፣ ዋጋው አይወደድ። በሰባተኛው ዓመት ጀርመን ያለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ሦስት መቶ ከረጢት አዋዜ አዘዘኝ። አዘጋጅቼ፣ አሽጌ፣ ካርቶን ውስጥ ደርድሬ ከጨረስኩ በኋላ ባለሱቁ ስለ ከረጢቱ አንድ ወረቀት ጠየቀኝ። ከሻጩ ተቀብዬ ላክሁለት። ወረቀቱን አነበበና አዋዜውን ተወው። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለዕድር ተከፋፈለ፤ ሰፈራችን እስከ ፋሲካ አዋዜ አልገዛም።

ያንን ወረቀት ቀድሜ ማንበብ ብችል ኖሮ ከኪሳራው እተርፍ ነበር። ለሱቅ የምታቀርቡም ሆናችሁ ውጭ ላለ ዘመድ የምትልኩ፣ አሁን እኔ የምሠራበት ቅደም ተከተል ይኸው።

1. መጀመሪያ ምግቡን ጻፉት

መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ስለ ምግባችሁ አምስት ነገር ጻፉ። ደረቅ ነው እርጥብ? ዘይት ወይም ቅቤ አለው? ይኮመጥጣል? ሲታሸግ ትኩስ ነው ቀዝቃዛ? ስንት ወር ይቀመጣል?

ሰው ሁሉ «ይህ ላስቲክ ጤናማ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። ከማሸጊያው ወደ ምግቡ ጥቂት ነገር ያልፋል፤ ባለሙያዎቹ ማይግሬሽን ይሉታል። መጠኑን የሚወስነው ላስቲኩ ብቻ ሳይሆን ምግቡ፣ ሙቀቱና ጊዜውም ነው። ዘይት በውኃ የማይነቃነቀውን ከላስቲኩ መዝዞ ያወጣል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል።

2. ቁጥሩንና ምልክቱን እዩ፣ ግን እዚያ አትቁሙ

ከዕቃው ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው የጤንነት ደረጃ ይመስለዋል። አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪው እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው፣ ቆሻሻ ለሚለዩ ሰዎች የላስቲኩን ዓይነት የሚናገር ነው። 1 ሃይላንድ የምንለው የውኃ ጠርሙስ (ፔት)፣ 2 ጀሪካን፣ 5 ሙቀት የሚችለው ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፎም የሚሠራበት ፖሊስታይሪን ነው።

ሃይላንዱን እኔ የተማርኩት በቅቤ ነው። አንድ ጊዜ ቸኩዬ፣ ገና ከእሳት የወረደ ንጥር ቅቤ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጥኩ። ጠርሙሱ ወገቡ ተሸማቀቀ፣ አንገቱ ዘመመ፣ ከዚያ በእጄ ላይ ተኮማተረ። ፔት 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ እስካሁን አለ። ትኩስ ነገር ካለባችሁ ወይ አቀዝቅዙ ወይ 5 ቁጥር ፈልጉ፤ እሱም ቢሆን ለትኩስ ሙሌት የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

ምናለሽ ተራ የሚሸጠው ታጥቦ የተመለሰ ጀሪካን ለውኃ መቅጃ ጥሩ ይሆን ይሆናል። ለምግብ ግን አልነካውም። በፊት ምን እንደተያዘበት ሻጩም አያውቅም፤ ላስቲክ ደግሞ የያዘውን ሽታና ኬሚካል ይመጥጣል፣ በኋላም ቀስ እያለ ይተፋዋል።

የብርጭቆና የሹካ ምልክትስ? በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2004 ደንብ (ቁጥር 1935) መሠረት ዕቃው ከምግብ ጋር ለመገናኘት የተሠራ መሆኑን ይናገራል። ለየትኛው ምግብ፣ በስንት ዲግሪ የሚለውን አይናገርም። የእኔም ከረጢት ብርጭቆና ሹካው ነበረበት።

3. ወረቀቱን ጠይቁ፤ ሲሰጧችሁም አንብቡት

ሻጩ «ሰርተፍኬት አለው» ካለ በጄ አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ የፋብሪካውን የጥራት አሠራር የሚመሰክር፣ ማኅተሙ የሚያምር ወረቀት ነው። የምትፈልጉት ሌላ ነው፤ አውሮፓውያኑ የሚጠይቁት የተስማሚነት መግለጫ። የላስቲክ ደንባቸው (እ.ኤ.አ. የ2011 ቁጥር 10) ይህ ወረቀት ማን እንደሠራው፣ ለምን ዓይነት ምግብ እንደሚሆን፣ ለስንት ጊዜና በምን ሙቀት እንደሆነ እንዲጻፍበት ያስገድዳል።

አሁን ወደ ውስጡ ግቡ። ላቦራቶሪው ከረጢቱን የሚፈትነው በእናንተ አዋዜ አይደለም፤ ምግብን በሚተኩ ነገሮች ነው። ኤ የሚባለው 10 በመቶ አልኮል ያለው ውኃ ነው። ቢ 3 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ቀጠን ያለ ኮምጣጤ፣ ለኮምጣጣ ምግብ። ሲ 20 በመቶ፣ ዲ1 ደግሞ 50 በመቶ አልኮል አላቸው። ዲ2 የምግብ ዘይት ነው። ኢ የሚባለው ለደረቅ ምግብ የተመደበ፣ ቀዳዳማ ዱቄት መሰል ነገር ነው። በተለመደው ፈተና ከረጢቱ ከተተኪው ጋር በ40 ዲግሪ 10 ቀን ይቆያል፤ ይህም በክፍል ሙቀት ለረጅም ጊዜ መቀመጥን ይወክላል። በመጨረሻም ከላስቲኩ የወጣው ጠቅላላ ነገር ይመዘናል። ጣሪያው በአንድ ካሬ ዴሲሜትር፣ ማለትም 10 በ10 ሴንቲሜትር በሆነ ላስቲክ፣ 10 ሚሊግራም ነው። ከዚህ ሌላ ለየኬሚካሉ የራሱ ጣሪያ አለው።

ደንቡ የትኛው ምግብ በየትኛው ተተኪ እንደሚፈተን የሚዘረዝር ሠንጠረዥ አለው፤ ሦስት መቶ ከረጢት የበላብኝ እሱ ነው። ቅመም በተፈጥሮው፣ ደረቅ ሆኖ፦ ኢ። ቅመም በዘይት ተለውሶ፦ ዲ2። ከአንድ ዛላ የወጡት በርበሬና አዋዜ ሁለት የተለያየ መስመር ላይ ይወድቃሉ። የእኔን ወረቀት በመጨረሻ ስገልጠው የተጻፈው ቢ እና ኢ ብቻ ነበር። ለበርበሬዬ እሰየው! ለአዋዜው ግን ማንም በዘይት አልፈተነውም። ከረጢቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ለዚህ ምግብ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም ማለት ነው፤ ገዢ ደግሞ ያልታወቀ ነገር መደርደሪያው ላይ አያስቀምጥም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ደረጃ የጻፋችሁትን አምስት መልስ ከወረቀቱ ጎን አስቀምጡ። ዘይት ካለው ዲ2ን ፈልጉ። ከኮመጠጠ ቢን። ትኩስ የምትሞሉ ከሆነ ሙቀቱ ተጽፎ መሆኑን እዩ። የአንዱም መልስ ከጎደለ ሻጩን ጠይቁ፤ «ለሁሉም ይሆናል» ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ወደ አሜሪካ ለሚልክ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከረጢት ላይ «ኤፍዲኤ ያጸደቀው» የሚል ጽሑፍ ብታዩ ፈገግ በሉ፤ ኤፍዲኤ፣ ማለትም የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ የሚፈቅደው ላስቲኩ የተሠራባቸውን ንጥረ ነገሮች እንጂ የእናንተን ከረጢት አይደለም። ሻጩ የትኛው የደንብ ክፍል ወይም የትኛው የማሳወቂያ ቁጥር እንደሚሸፍነው በደብዳቤ ይጻፍላችሁ። እዚያም የአጠቃቀም ሁኔታ በፊደል ይመደባል፤ ከ66 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ የሚሞላ ሲ፣ በክፍል ሙቀት ተሞልቶ የሚቀመጥ ኢ ነው። ፊደሎቹን ከአውሮፓው ጋር አታምታቱ፤ እኔ አምታትቼ አንድ ሳምንት አጥፍቻለሁ።

4. ጠርሙስ ከመረጣችሁ ክዳኑን መርምሩ

ከአዋዜው ጉድ በኋላ «ብልቃጥ ይሻላል» አልኩ። ብርጭቆው ምንም አይለኝም። ክዳኑ ግን ውስጡ ለስላሳ ቀለበት አለው፤ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ የሚባል ላስቲክ ነው፤ እንዲለሰልስም ማለስለሻ ይጨመርበታል፤ ማለስለሻው በዘይት ይሟሟል። አዋዜ ቀለበቱን እየነካ ሲከርም ማለስለሻው ወደ ውስጥ ይገባል። ለዘይታማ ምግብ የተሠራ ክዳን ጠይቁ፣ ብልቃጡን እስከ አፉ አትሙሉት፣ በጎኑ አታስተኙት።

የብረት ክዳኑን ከውስጥ የሚቀባው ቅብም ጉዳይ አለው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 በእንዲህ ያለ ቅብ ውስጥ ሲገባ የኖረውን ቢፒኤ የተባለ ኬሚካል መርምሮ በቀን ሊወሰድ የሚችለውን መጠን ከቀድሞው 20 ሺህ ጊዜ አሳነሰው። ከዚያ ኅብረቱ ከምግብ ጋር በሚነካኩ ዕቃዎች ላይ ከለከለው፤ ክልከላው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ሥራ ላይ ሲውል ለአብዛኛው ዕቃ የተሰጠው የመሸጋገሪያ ጊዜ እስከ ሐምሌ 20 ቀን 2026 ነው። መጋዘን የከረመ ርካሽ ክዳን ሲቀርብላችሁ ይህን አስታውሱ።

5. ኅትመቱ በየት በኩል ነው?

እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ከሕፃናት ወተት ካርቶን የቀለም ኬሚካል ተገኘና በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር ወተት ተያዘ። ቀለሙ የታተመው በውጭ በኩል ነበር። ማሸጊያው ገና ሲሠራ በጥቅል ሲጠቀለል የአንዱ ውጭ የሌላውን ውስጥ ይነካል፤ ቀለሙ የሚሻገረው በዚህ ነው። ስለዚህ ለምግብ ማሸጊያ ተብሎ የተሠራ ቀለም መሆኑን ጠይቁ፤ ሰፈር ያለ ማተሚያ ቤት «እናትምላችኋለን» ቢል ስቲከር አሠርታችሁ ከውጭ ለጥፉ። በጋዜጣ መጠቅለልንማ ተዉት፤ ሕንድ በደንብ ከልክላዋለች። ኮሎ በጋዜጣ ጥቅልል በልተን ያደግን ሰዎች ነን፣ አውቃለሁ። ቢሆንም።

6. በለጋ ቅቤ አሽትቱ

ቅቤ ሽታ እንደሚስብ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ሽንኩርት አጠገብ አያስቀምጡትም። ከአዲሱ ከረጢት አንዱን ውሰዱ፣ ጨው የሌለው ለጋ ቅቤ አንድ ማንኪያ ጨምሩ፣ አሽጉ፣ ሞቅ ባለ ቦታ አሳድሩት። ሌላ ማንኪያ በንጹሕ ብርጭቆ ክደኑ። ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ሁለቱን አሽትቱ። እኔ አንድ ጊዜ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ ጠርቶ መጣልኝና አንድ ጥቅል ሙሉ መለስኩ። ይህ ፈተና የቀለምና የማጣበቂያ ማሟሟቻን እንጂ ሁሉን አይዝም። ድርብ ከረጢቶች የሚጣበቁበት ማጣበቂያ በደንብ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ሳይደርቅ ምግብ ከገባበት የማይሸቱ ጎጂ ውሁዶች ሊለቅ ይችላል። የተመረተበትን ቀን ጠይቁ፤ ትናንት ከማሽን የወጣውን አትግዙ።

7. ከዚያ ስለ ቆሻሻው አስቡ

ይህን ሰባተኛ ያደረግሁት ስለማልጨነቅበት አይደለም። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚለው ቃል ብዙ ገንዘብ ስላስበላኝ ነው። ቡናማ ወረቀት የሚመስለውን ከረጢት ገዝቼ ደንበኞቼ ወደዱት፤ አንዱን ስቀደው ውስጡ ላስቲክ የተለጠፈበት ነው። ቆራሌው አይወስደውም፣ ወረቀት ለሚያድስም አይሆንም። ፎይል ያለበትም እንደዚሁ፤ ሦስት ነገር ተጣብቆ አንዱን ከአንዱ መለየት ጭንቅ ነው። ይበሰብሳል የሚባለው፣ ከተክል የሚሠራው ፒኤልኤ የተባለ ላስቲክ ደግሞ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በሚሠራ የማዳበሪያ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ ጓሮ ብትቀብሩት ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ከቀርከሃ ዱቄትና ከላስቲክ የተሠሩትን «የተፈጥሮ» ኩባያዎች አውሮፓ ከገበያ እያስወጣቻቸው ነው፤ የቀርከሃ ዱቄቱ ለዚያ አልተፈቀደም።

ሕጉ ግን ወደዚህ እየመጣ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ፌስታልን ስትከለክል እስራትም ጨምራበታለች። እኛ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠውን ስስ ላስቲክ ከልክለን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። የአውሮፓ አዲሱ የማሸጊያ ደንብ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 12 ቀን 2026 ጀምሮ ይሠራል፤ ዘይት እንዳይመጥ ወረቀት ላይ የሚቀባውን ፒፋስ የተባለ የኬሚካል ዓይነት በምግብ ማሸጊያ ላይ በጥብቅ ይገድባል፤ ከውጭ የሚገባውንም ይመለከታል። ዘይት የማይመጥ ወረቀት ከገዛችሁ «ፒፋስ አለው?» ብላችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ለሽሮና ለበርበሬ ከአንድ ዓይነት ላስቲክ ብቻ የተሠራ ወፈር ያለ ከረጢት እጠቀማለሁ፤ ለሩቅ መንገድ ብቻ ፎይል፣ ምክንያቱም ብርሃንና እርጥበት ያገኘው በርበሬ ይደበዝዛል፣ ይሻግታል፤ የተጣለ በርበሬ ደግሞ ከከረጢቱ የባሰ ብክነት ነው። ለሰፈር አዋዜ ብልቃጡን በመያዣ እሰጣለሁ፤ ብልቃጡ ሲመለስ አጥቤ አፈላዋለሁ፣ ክዳኑን ግን ሁልጊዜ በአዲስ እቀይራለሁ።

8. አሽጉና ናሙና አስቀሩ

ማሸጉን ታውቁታላችሁ፤ አፉ ላይ ዱቄት ካለ አይጣበቅም፣ ጥረጉት። ከእያንዳንዱ ጥቅል ሁለት ባዶ ከረጢትና አንድ የተሞላ፣ ከመግለጫው ቅጂ ጋር በቀን አስቀምጡ። የእኔ ከሽሮው ማሰሮ በላይ ባለች ካርቶን ውስጥ ነው፤ ከላይ የተቀመጠው የዚያ የአዋዜ ከረጢት ነው፣ ጥጉ ላይ ዘይቱ አሁን ቀላ ያለ ቀለበት ሠርቷል።